የሐሙሱ ጠጋኝ

እኛ ቤት ውስጥ ከሁላችንም ሰፊ ቦታ የነበረው ፒያኖው ነው። እማዬ የምታስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ እግሩ ስለተሰበረ «ከፈለግሽው ውሰጂው፣ መተላለፊያ ዘጋብን» ብሎ የሰጣት፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ትልቁ ዓይነት ነበር። ስድስት ወንዶች እየተሳደቡ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። በተሰበረው እግሩ ፋንታ ሁለት ብሎኬት ገባለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ባለቤት እሱ፣ ተከራዮቹ እኛ ሆንን። አልጋችን በአንድ ጎኑ፣ የምግብ ጠረጴዛው በሌላ ጎኑ፣ እኔ ደግሞ የቤት ሥራዬን የምሠራው ሆዱ ሥር ተጋድሜ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከ«እንደምን ዋሉ» በፊት «ጭንቅላትዎን!» ነበር የምንለው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ስሙ ሲነሳ እማዬ «ነፍሱን ይማረው» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለዚህ እኔና እማዬ፣ ከዚያም ፒያኖው ነበርን። እና አንድ ነገር ነበረን፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጀመሪያውን ደረጃ ስረግጥ እማዬ ትሰማኛለች። በሩን ከፈት አድርጋ ትቀመጥና በእግሬ ልክ ትጫወታለች። ከሮጥኩ ትሮጣለች። ሁለት ሁለት እያልኩ ከዘለልኩ አብራኝ ትዘላለች። ፈተና ወድቄ እግሬን እየጎተትኩ ከመጣሁ ፒያኖው ገና ከላይ «ምነው ልጄ?» ይለኛል። አንድ ቀን ተንኮሌ መጥቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አልኩ፤ እሷም እጇን አንጠልጥላ ጠበቀችኝ። እኔ እዚህ ትንፋሼን ይዤ፣ እሷ እዚያ ትንፋሿን ይዛ፣ ማን ይሸነፋል እንባባላለን። በመጨረሻ አንዲት ደረጃ ረገጥኩ። አንዲት ድምፅ መለሰችልኝ። ስቄ ልሞት ነበር።

ከዚያ ሰውየው መጡ።

ረጅም ናቸው፤ ካፖርታቸው በኪሱ ክብደት ወደ ታች ተጎትቷል። እማዬ «ጋሼ እኔን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ በይ ሰላም በያቸው» አለችኝ። በሥርዓት ቆሜ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አልኩ። አላዩኝም፣ አልመለሱልኝም፤ በአጠገቤ አልፈው ቀጥታ ወደ ፒያኖው ሄዱ። ኩራተኛ ሽማግሌ፣ አልኩ በልቤ። ጠረጴዛችን ላይ ኪሳቸውን ሲያራግፉት ዓይኔ ፈጠጠ። ብሎን፣ ዳዶ፣ የላጲስ ቁራጭ፣ ከአሮጌ ባርኔጣ የተቀደደ ወፍራም ጨርቅ፣ ካቻቪቴ። ክዳኑን አነሱ፣ ወገባቸውን አጎንብሰው ጭንቅላታቸውን ፒያኖው ውስጥ አስገቡ፣ ክሮቹ መሃል ብሎን ይሰኩ ጀመር።

ፊት ለፊታችን የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ መርፌ ልትዋስ ብቅ ብላ ይህን አየች። የልብስ ሰፊ ቤት መርፌ ይጠፋል? ወሬ ፍለጋ ነው እንጂ! በሩ ላይ ቆማ «ምነው፣ አስተማሪሽ በስተርጅና ፒያኖ ጠጋኝ ሆኑ?» አለቻት። እማዬ ሳቀች። ልጅ ደግሞ ቀልድና ቁም ነገር ለይቶ አያውቅም። ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ፤ ሰውየው ጠጋኝ ናቸው።

ጠጋኝ አልነበሩም። የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው «የጤና አይደሉም» ብሎ የተዋቸው ደራሲ። ፒያኖ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ አፍ ሲናገር መኖሩ አይዋጥላቸውም ነበር። ክሮቹ መሃል ብሎንና ጨርቅ ሲገባ ያው ቁልፍ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ የፒያኖ አይሆንም፤ ሌላ ነገር ይሆናል። ያን ሌላ ነገር ነበር የሚጽፉት። እጃቸው በእርጅና ደርቆ ስለነበር የሚጫወትላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ካስተማሯቸው ሁሉ እሺ ያለቻቸው እማዬ ብቻ ነበረች። ይህን ያወቅሁት ግን ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። እማዬ ቁልፍ ትመታለች፣ እሳቸው ብሎኑን በጣት ጫፍ ይገፋሉ። «ድገሚው» ይላሉ። ትመታለች። «ድገሚው።» ትመታለች። ብሎኑ የጤፍ ፍሬ ያህል ይንቀሳቀሳል። «አለፈ! መልሺ! እኔ ልመልስ፣ አንቺ ምቺ!» ለአንዲት ብሎን አንድ ሰዓት። በልቤ፣ እንዲህ ያለ ደካማ ጠጋኝ ዓይቼ አላውቅም እላለሁ፤ የውሃ ቧንቧችንን ያበጀው ሰውዬ እንኳ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ነው የሄደው። ደግሞ እያበጁት ሳይሆን እየባሰበት ነበር። በየሳምንቱ አንድ አንድ ደህና ድምፅ ይሞትና በቦታው ቆርቆሮ ይተካል። የድስት ክዳን ከመደርደሪያ ሲወድቅ፣ ሳንቲም በጣሳ ውስጥ ሲናጥ። እማዬ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ ይላታል! ጉንጯ ይቀላል፣ ፀጉሯ ይበተናል፣ «ጋሼ! ጋሼ! ይሄኛውን ሰሙት?» ትላለች።

የእኔ ደረጃ ግን ዝም አለ። ክሮቹ በብሎን ተይዘው በእግሬ ልክ ማን ይጫወት? አንድ ቀን እማዬ ሞከረች፤ እኔ እየሮጥኩ ስወጣ ከላይ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ የሚል ነገር ወረደብኝ። እሷ ቀልድ መስሏት ነበር። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አልሞከረችም፤ እኔም ከታች ጀምሬ ቀስ ብዬ፣ ማንም እንዳይሰማኝ በእግር ጣቶቼ መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ሐሙስ ድፍረት አገኘሁና ካፖርታቸውን ጎተት አድርጌ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጨርሱት?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው አዩኝ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉኝ። ከዚያ ትልቅ እጃቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለእትዬ ስነግራት ከስፌት መኪናዋ ላይ ልትወድቅ ደረሰች፣ በሳቅ። «ወይ ጉድ! እናትሽ ለደንቆሮ ነው እንዴ የምታንጎራጉረው?» አለች። እትዬ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ሳታውቀው ከሁላችንም ቀድማ እውነቱን ተናገረች።

ግራ ጆሯቸው ከድሮ ጀምሮ እንደማይሰማ እማዬ ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በቀኛቸው የምትቆመውና የምትጮኸው። እኔ የሚጣሉ ይመስለኝ ነበር። ቀኙም እየሄደ መሆኑን ግን ደብቀዋታል። ሥራው ሳያልቅ ብትሰማ፣ አዝናላቸው ልስልስ ብላ እንዳታበላሽባቸው ነው መሰለኝ። ብሎን ሲገፉ ጉንጫቸውን የፒያኖው እንጨት ላይ ጥብቅ ያደርጉ ነበር። እኔ እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱን የእውነት የሚያጣላቸው ግን ወረቀት ነበር። «ጋሼ፣ የትኛው የት እንደገባ በማስመሪያ ለክቼ ልጻፈው» ትላለች እማዬ። «አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ምን ይሆናል?»

«ምን አውቄ? ለኮንሰርቱ ወደ አዳራሽ ሲያጓጉዙት ቢናወጥስ?»

«ጆሮ እያለ ማስመሪያ! ወረቀት ላይ ያለ ብሎን ይጮኻል? በየቦታው በጠመኔ ነጥብ አድርጌያለሁ፤ ከተናወጠ እኔው እመልሰዋለሁ።» ብለው ካፖርታቸውን ያነሳሉ።

እውነትም እያንዳንዱ ብሎን ካለበት ክር ላይና ከብረቱ ላይ ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ነበሩ። ሠላሳ ሰባት ዕቃ፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ። እማዬ ሳያዩዋት በድብቅ ልትጽፈው አስባ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስትል ቀኑ ደረሰ። ነገ ዛሬ ያሰኛት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ።

ኮንሰርቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ጭንቅላታቸውን በፒያኖው ክዳን ተመቱ፤ ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው ብዬ ነበር የማስበው። እማዬ ትንሽ ተጫወተችላቸው። ሰሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሏት፦

«እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ይሄ ሰው ፊት ይቀርባል? ይስቁብሻል እኮ።»

«ይሳቁ» አለች እማዬ።

«ትምህርት ቤቱም ስም አለው። ነገ ወላጆች ልጆቻችንን ለእሷ አንሰጥም ቢሉ እኔ ምን እላለሁ?»

«አዳራሹን ፈቅደውልኛል። ከቅዳሜ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

እሳቸው ሲሄዱ እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ጥፍሯን ነከሰች። እማዬ ጥፍሯን አትነክስም፤ ፒያኖ ተጫዋች ናት። የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ጠጋኙ ሥራቸውን አልጨረሱም፣ ቅዳሜ ደግሞ ያን ቆርቆሮ ተሸክመው ሰው ፊት ሊያቀርቡት ነው፣ እናቴ ይሳቅባታል፣ ከሥራዋም ትባረራለች። እሷ መምህሯን አክብራ ዝም ብላለች። አንድ ሰው መላ ካልፈጠረ አለቀልን።

ረቡዕ እማዬ እስከ ማታ ታስተምራለች። እኔ እትዬ ጋ ነበር የምውለው፤ እትዬ ደግሞ ለሠርግ የምትሰፋው ልብስ ስለነበረባት «ቤትሽ ሂጂና ተጫወቺ፣ እግሬ ሥር አትርመስመሺ» ብላ አባረረችኝ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ክዳኑን በሁለት እጄ ገፋሁት። መደገፊያ ዱላውን እንዳየሁት አስገባሁ። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አንዳንዱ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቅና ይወጣል፣ አንዳንዱ ጣቴን ቧጨረኝ። ላጲሶቹን፣ ጨርቆቹን፣ ልቅ ዳዶዎቹን ሁሉ። አቤት ሥራ! ለምንም ነገር እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም። ጨርቅ በውሃ አርሼ፣ ጨምቄ፣ ክሮቹንና ብረቱን ጠረግሁ። ነጫጭ ነጥቦቹ ቆሻሻ ይመስሉ ነበር፤ አንዱም እንዳይቀር ዓይኔን አቅርቤ እየፈለግሁ አጠፋኋቸው። ብሎኖቹን በሳሙና አጠብኳቸው። ደረቁ። በቁመታቸው ደረደርኳቸውና በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ አንድ ቁልፍ በጣቴ መታሁ። ጥርት ብሎ ወጣ። ዳንኩ፣ አልኩ። ዳንን።

ክዳኑን ዘጋሁ፣ ለማንም አልተነፈስኩም። ድንገት ማስደሰት እፈልግ ነበር። እማዬ ማታ ደክሟት ገብታ ሳትነካው ተኛች።

ሐሙስ ሁለቱ አብረው ከትምህርት ቤት መጡ፤ የመጨረሻው ሙሉ ልምምድ ነው። ጋሼ ያን ቀን ፂማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። ሙሉውን ሲሰሙ ልማዳቸው ነበር፣ ፒያኖው ጭራ ጋ፣ ከክዳኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር በምትገኘው ወንበር ይቀመጣሉ፤ አንድ እጃቸውን እንጨቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ማየት ይሸውደኛል» ይሉ ነበር። እማዬ ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ ሳታይ ተቀመጠች። ቅዳሜን እያሰበች ነበር። እጆቿን አነሳች፣ ጀመረች።

የመጀመሪያው ድምፅ እንደ ውሃ ጠርቶ ወጣ።

እጆቿ ባሉበት ቀሩ። ቀና ብላ ክሮቹን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጥርሴን ሁሉ አውጥቼ እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ጋሼን አየቻቸው። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው እየነቀነቁ ነበር፣ እንደ መስማማት። ቆይተው በግራ እጃቸው «ቀጥይ» የሚል ምልክት ሰጡ፣ ምን አቆመሽ እንደማለት።

የእማዬ ፊት እንዲያ ሲሆን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ደስታው አስደንግጧት ነው አልኩ።

ቀጠለች። ሙሉውን ተጫወተችው። መሃሉ ላይ አንዲት ቁልፍ አርባ ጊዜ የምትመታበት ቦታ አለ፣ ከሁሉ የምጠላው እሱን ነበር፤ ያን ዕለት አርባውም ጥርት ብለው፣ አንዱ ሌላውን መስለው ወጡ። ስትጨርስ ጋሼ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር። ተነስተው ሁለት እጇን ያዙ። «ሆነ» አሉ። «በቃ፣ ሆነ። እንዲህ ነበር የፈለግሁት።»

«አዎ ጋሼ» አለች እማዬ በቀኝ ጆሯቸው በኩል። «ሆነ።» ከዚያ ፈጠን ብላ ክዳኑን ዘጋችው። «እንግዲህ ማንም አይንካው።»

ጠጋኝ ሲያለቅስ የዚያን ዕለት አየሁ። ሥራቸውን እኔ ጨርሼላቸው፣ እሳቸው ራሳቸው እንደጨረሱት ቆጥረው ሲደሰቱ ምስጢሬን ዋጥሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሳቸው ሲሄዱ እማዬ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። «ዕቃዎቹ የታሉ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ አይሰማም። ሮጬ ጣሳውን አመጣሁ። «አጥቤያቸዋለሁ» አልኳት። «ጠመኔውንም ጠርጌዋለሁ፣ አንድም አልቀረ። ደስ አላቸው አይደል? አለቀሱ እኮ!» እማዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጣሳውን ወደ ውስጥ አየችው፣ በቁመት የተደረደሩትን ብሎኖች። ከዚያ ጎትታ አቀፈችኝ፣ የጎድን አጥንቴ እስኪያመኝ። «ጎበዝ» አለችኝ። «ጎበዝ ልጅ።»

ዓርብ ሥራ አልሄደችም። ቀኑን ሙሉ ፒያኖው ውስጥ አጎንብሳ ብሎን ስትሰካ፣ ስትነቅል፣ ቁልፍ ስትመታ፣ ስትነቅል ዋለች። ተቀየምኳት። ያጠብኩትን መልሳ ልታቆሽሽ! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ማታ ላይ ስነቃ ዕቃዎቹ ሁሉ ጣሳው ውስጥ ተመልሰዋል፤ እሷ ጣሳውን ታቅፋ ተቀምጣለች። የትኛው ብሎን የት እንደነበር፣ በስንት ልክ፣ የሚያውቅ ጆሮ በዓለም ላይ አንድ ነበር። እሱም ካሁን በኋላ የለም። ብትነግራቸው በአንድ አፍ ሁለት መርዶ ነው፤ ሥራዎት ጠፋ፣ ጆሮዎትም ጠፋ። እሷ ሁለቱንም ለብቻዋ ዋጠችው።

ቅዳሜ ስድስቱ ወንዶች መጡ፣ እየተሳደቡ አወረዱት። አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ነበር። እማዬ ባዶውን ፒያኖ ተጫወተች። ማንም አልሳቀም። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ አየሁ፣ እፎይታ ነበር። ጋሼ ከመጋረጃው ጎን ቆመው የሰዎቹን እጅ ያዩ ነበር፤ እጆች ሲጋጩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። የማን ሥራ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ቤታችን አልመጡም። ሥራው አልቋል፣ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? አልኩ። ፒያኖው ተመለሰ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ግርጌ ቆሜ ጫማዬን አጠበቅሁ፣ እና በሙሉ ኃይሌ ሮጥኩ። ሦስቱንም ፎቅ። ከላይ ምንም አልመጣም። ስገባ እማዬ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እጆቿ ጭኗ ላይ። «ሰማሁሽ» አለች። «ዛሬ ደክሞኝ ነው።» ነገም ደከማት። ከነገ ወዲያም።

ጋሼ እህታቸው ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። እማዬ ሐሙስ ሐሙስ ትሄድ ነበር፣ በደብተር እየተጻጻፉ ያወጉ ነበር። አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ኖታው ታተመ፤ ኖታው ላይ ያለው ቁልፎቹ ብቻ ነው፣ ስለ ብሎን አንድ መስመር የለም። ወጣቶች ይጫወቱታል፣ ይወደዳልም። ስለ አርባው ምት የተጻፈ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ «የትዕግሥት ፍልስፍና» ይለዋል። ለእማዬ ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያ እውነተኛው እንባ መጣ። ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ያቺ ቁልፍ ልቅ ዳዶ ነበረባት። በተመታች ቁጥር ዳዶዋ ትሽከረከራለች፣ ቦታ ትቀይራለች። አርባ ጊዜ ስትመታ አርባውም ሌላ ሌላ ነበር።

አምሳ ልሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው ይህን የሰማሁት። «ለምን እስከ ዛሬ?» ስላት «ጎበዝ ብዬሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። የተናገረው ሰው እኔን አላየኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን የጠላሁትን፣ ቆርቆሮ ያልኩትን ነገር እናፍቃለሁ። ሥራ ቦታ፣ መንገድ ላይ፣ ውሃ እየቀዳሁ፣ ጆሮዬን ወደ ኋላ፣ ወደዚያች ክፍል እልከዋለሁ። ፒያኖው ሆድ ሥር ተጋድሜ፣ ራሴ ላይ እየተጫወቱት፣ ስድስት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ሰምቼዋለሁ። የካፖርታቸው ሽታ ይመጣልኛል። የጠመኔው ነጭ ይመጣልኛል። ድምፁ አይመጣም። «ቆርቆሮ» ብዬ ስም ሰጥቼ ስለጣልኩት፣ የቀረልኝ ስሙ ብቻ ነው።

እማዬ የመጨረሻዋን ክረምት እኔ ቤት አልጋ ላይ ነበረች። ገላዋ አልቆ ነበር፤ ጆሮዋ ግን እንደ ድመት ነው፣ ማድ ቤት ውስጥ ሹካ ቢወድቅ «ትልቁ ነው» ትላለች። አንድ ከሰዓት፣ መድኃኒቷን ልሰጣት ስቀመጥ እንዲህ አለችኝ፦

«ሙሉውን የሰማነው ሦስት ሰዎች ነን።»

ምኑን አልጠየቅኋትም።

«እትዬስ? በግድግዳው በኩል?» አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

«እሷማ የሰማችው መኪናዋን ነው!» አለች፣ ሳቀችም። ከዚያ ሳቋ አለቀ። «ጋሼ ሄዱ። እኔም ዕቃዬን አስሬያለሁ። አንቺ... ትዝ ይልሻል?»

ልጅ ሆኜ እንኳ እማዬን ዋሽቼ አላውቅም። ዓይኗ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያየኝ ብታዩት! እኔ «አላስታውስም» ካልኩ ያ ነገር ከእሷ ጋር ሊቀበር ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ፣ መጨረሻውን የምዘጋውም እኔ ልሆን ነው።

«አዎ» አልኩ። «ትዝ ይለኛል።»

«የመሃሉ?»

«አርባውም።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እስቲ አሰሚኝ።»

የመድኃኒቱ ማንኪያ እጄ ላይ ነበር። የአልጋውን ብረት መታሁ። ብርጭቆውን መታሁ። የብልቃጡን ክዳን፣ የመሳቢያውን እጀታ፣ ቁልፎቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እነሱን። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እየፈጠርኩ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር። እሷ ጭንቅላቷን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋ፣ አንዱንም ሳታሳልፍ ትሰማለች።

አሥራ ምናምኑ ላይ ስደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እሱ አይደለም» አለች።

እጄ ከማንኪያው ጋር አየር ላይ ቀረ። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። ቀዝቃዛ ጣቶቿ አንጓዬን ፈልገው ያዙኝ፣ ወደ ብረቱ መለሱኝ።

«እሱ አይደለም። ግን አታቁሚ።»

እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ መታሁላት።